ገንፎውን ማን ያውቀዋል? ሳይንስና ልምድ በስካንዲኔቪያ ጓዳ

ስለ ሳይንስ ሲነሳ በአብዛኛው ወደ አእምሯችን የሚመጣው ነጭ ካፖርት የለበሰ ተመራማሪ፣ የብርጭቆ ቱቦና ማይክሮስኮፕ ነው። ድስት፣ ምጣድና ቡሃቃ እምብዛም አይታሰቡንም። ይሁንና ከማንኛውም ቤተ ሙከራ አስቀድሞ የተከፈተው፣ እስከ ዛሬም አንድ ቀን ሳይዘጋ የሚሠራው ቤተ ሙከራ ጓዳ ነው። በዚህ ጽሑፍ በሰሜን አውሮፓ የሚገኙትን የኖርዌይን፣ የስዊድንንና የዴንማርክን የቤት ውስጥ ምግብ አዘገጃጀት መነሻ አድርገን አንድ ጥያቄ ለማንሳት እንወዳለን፦ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረን የምግብ አሠራር ሳይንስ በምን ዓይን ሊያየው ይገባል? ሊያርመው ነው ወይስ ሊማርበት?

ስካንዲኔቪያን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምቱ ረጅም፣ የእርሻው ወቅት አጭር በሆነበት በዚያ ምድር የቤት እመቤቶች ዋነኛ ሥራ በበጋ የተገኘውን ዓሣ፣ ወተትና እህል እስከ ቀጣዩ በጋ ማቆየት ነበር። ለዚህም ያደርቃሉ፣ በጨው ያሻሉ፣ ያኮመጥጣሉ፣ ያብላላሉ፣ በአመድ ውሃ ይዘፈዝፋሉ። ከእያንዳንዱ ዘዴ በስተጀርባ የኬሚስትሪ ወይም የባዮሎጂ ሕግ አለ። ከዚህም በላይ እኛ ዛሬ የምናነሳውን ጥያቄ የኖርዌይ ምሁራን ከ150 ዓመታት በፊት በአደባባይ ተከራክረውበታል።

የገንፎው ክርክር

እ.ኤ.አ. በ1864 በኖርዌይ ስለ አስተዋይ የምግብ አዘገጃጀት የሚያትት አንድ መጽሐፍ ታተመ። ደራሲው ክሌመንስ ቦኒፋሲዩስ በሚል የብዕር ስም ቢሸሸግም እውነተኛ ማንነቱ ፔተር ክሪስተን አስቢዮርንሰን ነበር፤ የአገሩን ተረቶች በመሰብሰብ ስመ ጥር የሆነ፣ በሙያው ደግሞ የተፈጥሮ ሳይንስና የደን ባለሙያ። አስቢዮርንሰን የዘመኑን ኬሚስትሪ ይዞ ወደ ገጠር ጓዳዎች ተመለከተና አንድ ልማድ አስቆጣው። የኖርዌይ የገጠር ሴቶች ገንፎ ሲሠሩ ዱቄቱን በውሃ ካበሰሉ በኋላ፣ ድስቱን ከእሳት ሲያወርዱ ጥቂት ጥሬ ዱቄት ጨምረው ያማስሉ ነበር። በእርሱ አመለካከት ይህ ጥሬ ዱቄት በሆድ ውስጥ ሳይፈጭ የሚወጣ በመሆኑ ድሃዋ አገር በየዓመቱ እህሏን በከንቱ ታባክናለች፤ ጥፋቱም የሴቶቹ አለማወቅ ነው።

ለዚህ ክስ መልስ የሰጠው አይለርት ሱንት የተባለ የኅብረተሰብ ተመራማሪ ነበር። ሱንት በየመንደሩ እየተዘዋወረ የተራውን ሕዝብ ኑሮ ያጠና ስለነበር ሴቶቹ ለሚያደርጉት ነገር ምክንያት እንዳላቸው ያምናል። በብዙ ትውልድ ልምድ የጸና አሠራር ምክንያቱ ሳይጠየቅ “ድንቁርና” ሊባል አይገባውም ሲል ተከራከረ። የገንፎ ክርክር በመባል የሚታወቀው ይህ ሙግት ለተከታታይ ዓመታት በጋዜጣና በመጽሔት ሲካሄድ ቆየ።

ዛሬ ላይ ሆነን ስንመለከተው ምን እንላለን? ጥሬ የእህል ስታርች ከበሰለው ይልቅ ቀስ ብሎ የሚፈጭ ቢሆንም አብዛኛው ክፍል በትንሹ አንጀት ውስጥ እንደሚፈጭ ይታወቃል። በጋለ ገንፎ ውስጥ የተጨመረ ዱቄት ደግሞ በከፊል መብሰሉ አይቀርም። ስለዚህ የ“ብክነቱ” ክስ ከመጠን በላይ የተጋነነ ነበር። ይሁን እንጂ እኛን የሚያሳስበን የገንፎው ነጥብ ብቻ አይደለም። አስቢዮርንሰን ጓዳ የሳይንስ ጉዳይ መሆኑን ማየቱ ትክክል ነበር፤ ስህተቱ ሳይጠይቅና ሳይለካ መፍረዱ ነው። ሱንት መጠየቁ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን መጠየቅ ብቻውን የማይበቃበት ቦታ አለ። ያ ቦታ የት እንደሆነ ለማወቅ ጓዳውን ራሱን መጎብኘት ያስፈልጋል።

ልምድ ጥሩ መምህር የሆነበት ቦታ

በዴንማርክ በየዕለቱ የሚበላውን ሩግብሮድ የተባለ ጥቁር ዳቦ እንውሰድ። የሚሠራው የስንዴና የገብስ ዘመድ ከሆነው ራይ ከተባለ እህል ነው። ራይ እንደ ስንዴ ጠንካራ የግሉተን መረብ አይሠራም፤ የዳቦውን ቅርጽ የሚሸከመው በዋነኛነት ስታርቹ ነው። ችግሩ ግን ስታርችን ወደ ስኳር የሚሰባብረው አሚሌዝ የተሰኘ ኤንዛይም በራይ ውስጥ መብዛቱ ነው። ዳቦው ምድጃ ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ ስታርቹ ውሃ ጠጥቶ በሚያብጥበት ሰዓት ኤንዛይሙም ገና ሥራውን አላቆመም። ሃይ ባይ ካላገኘ ውስጡ እንደ ማስቲካ የሚጣበቅ ዳቦ ይወጣል። መፍትሔው እርሾ ነው። ከቀድሞ ሊጥ ተቀንሶ የቆየው እርሾ በውስጡ ባሉት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሊጡን ያኮመጥጠዋል፤ አሲዱም የአሚሌዝን ሥራ ይገታል። የዴንማርክ እናቶች ስለ ኤንዛይም ምንም ሳይሰሙ ለብዙ መቶ ዓመታት ራይን በእርሾ እንጂ ያለ እርሾ አልጋገሩም። ግሉተን የሌለውን ጤፍ በእርሾ አቡክቶ ወደ ምጣድ ለሚያወጣ አንባቢ ይህ ጥበብ እንግዳ አይሆንበትም።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ከስዊድን የመጣ ነው። “ህልሞች” የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጣቸው ነጫጭ፣ በአፍ ውስጥ ወዲያው የሚፈረካከሱ ብስኩቶች አሉ። የሚነፉት በተለመደው ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ ጥንት ከአጋዘን ቀንድ ይገኝ በነበረና የአሞኒየም ካርቦኔት ዝርያ በሆነ ጨው ነው። ይህ ጨው ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ወደ አሞኒያ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ይለወጣል። ሦስቱም በምድጃው ሙቀት ጋዝ በመሆናቸው ብስኩቱን ነፍተው ይወጣሉ፤ በውስጡ የሚቀር ጨዋማ ዝቃጭ የለም። ታዲያ የስዊድን ጋጋሪዎች በዚህ ጨው ስስና ደረቅ ብስኩት እንጂ ወፍራም ኬክ የማይሠሩት ለምንድን ነው? በወፍራምና እርጥብ ኬክ ውስጥ አሞኒያው መውጫ አጥቶ ስለሚቀርና ሽታው ስለማያስበላ ነው። የተበላሸ ኬክ ወዲያውኑ ይታወቃልና ትምህርቱ በአንድ ጊዜ ይገኛል።

ሦስተኛው ብሩኖስት የተባለው የኖርዌይ ቡናማ አይብ ነው። በእኛ አገር አይብ ከተለየ በኋላ አጓቱ ይጠጣል ወይም ለከብት ይሰጣል። ኖርዌጂያውያን ግን አጓቱን ለረጅም ሰዓት እያማሰሉ ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ያፈሉታል። በዚህ ጊዜ የወተቱ ስኳር ከቀሩት ፕሮቲኖች ጋር ማያር በተባለው አጸግብሮት ተዋህዶ ቡናማ ቀለምና የካራሜል ጣዕም ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1863 በጉድብራንድስዳል ሸለቆ የምትኖር አነ ሆቭ የተባለች የገበሬ ቤት ሴት በአጓቱ ላይ ክሬም ጨምራ ማፍላት ጀመረች፤ ዛሬ በኖርዌይ የሚወደደው ዓይነት የተገኘውም ከዚሁ ነው። የአስቢዮርንሰን መጽሐፍ ከመታተሙ አንድ ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ፣ “አላዋቂ” ከተባሉት ጓዳዎች በአንዱ ውስጥ አዲስ ምግብ ተፈልስፏል ማለት ነው።

እነዚህ ሦስት ምሳሌዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ስህተቱ በፍጥነት ይታያል፣ በተደጋጋሚም ያጋጥማል። የተጣበቀ ዳቦ፣ የሚሸት ብስኩት፣ ያረረ አጓት ለባለቤቱ ምስክር አያሻቸውም። እንዲህ ባለው ጉዳይ ላይ የብዙ ትውልድ ልምድ ከብዙ ሺህ ሙከራዎች ውጤት ጋር የሚስተካከል ነው። ሳይንቲስቱም ከማረሙ በፊት ቁጭ ብሎ መማር ይኖርበታል።

ልምድ የማያየው ነገር

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሻገር። በኖርዌይ ተራራማ አካባቢዎች፣ በተለይም በቫልድሬስ፣ ራክፊስክ የተባለ የተብላላ ዓሣ ይዘጋጃል። ትራውት ወይም ተመሳሳይ ዓሣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ በጨው ተነስንሶ በበርሜል ውስጥ ይደረደራል። የራሱን ውሃ አውጥቶ በዚያው ውስጥ ለወራት ይቀመጣል፤ ሳይበስልም ይበላል። ሽታው ኃይለኛ ነው፤ ወዳጆቹ ግን አያስነኩትም።

በዚህ በርሜል ውስጥ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ ሊደበቅ ይችላል። ስፖሮቹ በአፈርና በውሃ ዝቃጭ ውስጥ ይኖራሉ፤ አየር በሌለበት ያድጋል፤ የሚያመነጨው መርዝም ነርቭን በማሽመድመድ ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ እጅግ ብርቱው ነው። ከዓሣ ጋር የሚዛመደው ዓይነቱ በ3 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቅዝቃዜ እንኳ ማደግ ይችላል። የሚገታው በዓሣው ውሃ ውስጥ ያለው ጨው 5 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። መርዙ በሽታም ሆነ በጣዕም አይለይም፤ ቢለይ እንኳ በራክፊስክ ኃይለኛ ሽታ መካከል ማን ያስተውለዋል? 85 ዲግሪ ላይ ለ5 ደቂቃ ቢሞቅ ይጠፋል፤ ራክፊስክ ግን የሚበላው ጥሬውን ነው። በኖርዌይ በቤት ውስጥ በተሠራ ራክፊስክ ሰዎች በቦቱሊዝም የተመረዙባቸው ጊዜያት ተመዝግበዋል።

እዚህ ላይ የልምድ ድክመት ይታያል። አንዲት እናት 40 ዓመት ሙሉ ራክፊስክ ሠርታ አንድም ሰው ላይታመም ይችላል። ከዚህ ተነስታ “የእኔ አሠራር አስተማማኝ ነው” ብትል አይፈረድባትም። ነገር ግን አደጋው ብርቅ ከሆነ 40 በርሜል በቂ ማስረጃ አይደለም። ልጇ ደግሞ ጨው ለደም ግፊት መጥፎ መሆኑን ሰምታ መጠኑን በግማሽ ብትቀንስ፣ ጨው በዚህ ምግብ ውስጥ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን የበር ጠባቂ መሆኑን ካልተነገራት በስተቀር የሚያስጠነቅቃት ምልክት አይኖርም። አሠራሩን ወርሳለች፤ ምክንያቱን ግን አልወረሰችም።

ከዚህ ቀለል ያለ ቢሆንም ግራቭላክስም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ስሙ “የተቀበረ ሳልሞን” እንደማለት ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ዓሣ አጥማጆች ሳልሞንን ጨው አድርገው በአሸዋ ውስጥ ይቀብሩት ነበር። ዛሬ ዓሣው በጨው፣ በስኳርና የእንስላል ዘመድ በሆነው ዲል ታሽቶ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ሳይበስል የሚበላ ዓሣ ጥገኛ ትሎቹ እንዲሞቱ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ቢያንስ ለ24 ሰዓት መቀዝቀዝ አለበት። ትሎቹ ቢሞቱም በማቀዝቀዣ ውስጥ ማደግ የሚችለው ሊስቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ አይሞትም፤ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን ጥሬ ግራቭላክስ የማይመከረውም ስለዚህ ነው።

ብርቅ ከሆነው አደጋ ሌላ ልምድ የማያየው ዘገምተኛውን አደጋ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ጣፋጩ የቀረፋ ዳቦ ነው። ስዊድናውያን በሄል በተቀመመ ሊጥ ላይ ቅቤ፣ ስኳርና ቀረፋ ቀብተው፣ ጠቅልለውና ቆራርጠው ይጋግሩታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮም ጥቅምት ወር በገባ በ4ኛው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የራሱ በዓል አለው። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ካስያ የተባለው የቀረፋ ዓይነት ኩማሪን የተሰኘ ውህድ ይዟል፤ ይህም ውህድ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጉበትን ይጎዳል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ዕድሜ ልክ በየቀኑ ቢወሰድ አያሰጋም ያለው መጠን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.1 ሚሊ ግራም ነው። የኅብረቱ ሕግ ለባህላዊ ወይም ለበዓል መጋገሪያዎች በኪሎ እስከ 50 ሚሊ ግራም ኩማሪን ሲፈቅድ ለሌሎች ጣፋጭ መጋገሪያዎች ግን 15 ብቻ ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በዴንማርክ የቀረፋ ዳቦ በየትኛው ምድብ ይግባ በሚል ብርቱ ውዝግብ ተነሣ። ጎረቤቷ ስዊድን ዳቦውን ባህላዊ ብላ ስለመደበችው ዴንማርካውያን ጋጋሪዎች “የእኛስ ከማን ያንሳል?” አሉ፤ በኋላም ዴንማርክ ራሷ ወደ ባህላዊው ምድብ አስገባችው።

እስቲ እናስላው። ኩማሪኑ ከፍተኛው ጣሪያ ላይ የደረሰ 100 ግራም የሚመዝን አንድ ዳቦ 5 ሚሊ ግራም ይይዛል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የዕለቱ መጠን 6 ሚሊ ግራም በመሆኑ ገና አላለፈም። 20 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ግን የዕለቱ መጠን 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በበዓል ቀን አንድ ዳቦ መብላት አያሳስብም፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ማሰብ ያስፈልጋል። የኩማሪን ይዘቱ እጅግ አነስተኛ የሆነውን የሲሎን ቀረፋ መጠቀምም ይቻላል። በቤት ውስጥ ተቆጣጣሪ የለም፤ ያለው የጋጋሪው ዕውቀት ብቻ ነው።

አሠራር አገር ሲለውጥ

ምክንያቱን ማወቅ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን አሠራሩ ከተወለደበት አገር ሲወጣ ነው። ስዊድናውያን ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ ሲያኮመጥጡ ለማስታወስ የሚቀል ቀመር አላቸው፦ 1 እጅ አቼቶ፣ 2 እጅ ስኳር፣ 3 እጅ ውሃ። ቀመሩ የታሰበው ግን 12 በመቶ አሴቲክ አሲድ ላለው የስዊድን አቼቶ ነው። በብዙ አገሮች ገበያ ላይ ያለው አቼቶ 5 በመቶ አካባቢ ነው። በዚህኛው ቢሠራ የስኳሩን መጠን ሳንቆጥር የአሲዱ መጠን ከ3 በመቶ ወደ 1.25 በመቶ ይወርዳል። ዓሣው ያው ይመስላል፤ ጥበቃው ግን ከግማሽ በታች ሆኗል። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው 2.4 እጅ አቼቶና 1.6 እጅ ውሃ አድርጎ ወደ ትክክለኛው መጠን ይመለሳል። ይህ ከአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ያለፈ አይደለም።

የቀረፋ ዳቦውን በአዲስ አበባ ለመጋገር የሚነሳ ተማሪም ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በሊጥ ውስጥ ያለው ጋዝም ይበልጥ ይስፋፋል። በስቶክሆልም ልክ የተባለው እርሾና ጊዜ እዚህ ሊጡን ከልክ በላይ ነፍቶ መልሶ ሊያስተኛው ይችላል። በአንጻሩ በስቶክሆልም ወይም በኦስሎ የሚኖሩ ወገኖቻችን በክረምት የእንጀራ ሊጥ ሲያቦኩ ቤቱ ከቀዘቀዘ እርሾው ይዘገይባቸዋል። “በሦስተኛው ቀን ይጋገራል” የሚለው ቃል ብቻውን አይረዳቸውም፤ የሚረዳቸው የእርሾው ሕዋሳት ከሙቀት ጋር ያላቸውን ግንኙነት ማወቅ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

“ሴት አያቶቻችን ሳይለኩ ያበስሉ ነበር፤ ሚዛንና ቴርሞሜትር ወደ ጓዳ ቢገቡ ለዛው ይጠፋል” የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። ቅሬታቸው መሠረት የለውም አንልም። ነገር ግን ሴት አያቶች አልለኩም ማለት ትክክል አይመስለንም። በእጃቸው፣ በዓይናቸውና በአፍንጫቸው ይለኩ ነበር። መሣሪያው የሚያስፈልገው እጅና አፍንጫ በማይደርሱበት፣ ማለትም ብርቅ በሆነውና በዘገየው አደጋ ላይ ነው።

ሳይንስ ራሱም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ባለ ዕዳ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምንማረውን የአሲድነት መለኪያ፣ ፒኤችን፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ያስተዋወቀው ሶረን ሶረንሰን የሚሠራው በኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። የመብላላትን ምስጢር ለመረዳት የተደረገ ጥረት ለመላው ኬሚስትሪ መሣሪያ አተረፈ።

በመሆኑም ለወጣት አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የስካንዲኔቪያም ሆነ የሌላ አገር ባህላዊ ምግብ በቤታችሁ ለመሥራት ስትነሱ ስለ እያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፦ ይህ እርምጃ ለምን ተደረገ? ሁለተኛ፦ ቢሳሳት ስህተቱ ቶሎ ይታያል ወይስ ተደብቆ ይቆያል? ቶሎ የሚታይ ከሆነ ባለሙያዋን እመኑ፣ ሞክሩ፣ ደፍራችሁም ለውጡ። ተደብቆ የሚቆይ ከሆነ ግን ጨውን በሚዛን፣ ሙቀትን በቴርሞሜትር፣ አሲድን በፒኤች ወረቀት ሳትለኩ አንድ ነገር አትቀንሱ።

በየቤታችሁ ጠጅ የሚጥሉ፣ ቆጮ የሚቀብሩ፣ አይብ የሚያወጡ እናቶችና አያቶች አሉ። እንደ አስቢዮርንሰን ለመፍረድ ከመቸኮላችሁ በፊት እንደ ሱንት ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ የሰማችሁትንም ጻፉት። ከዚያ በኋላ ሱንት ያልነበሩትን መሣሪያዎች ይዛችሁ ለኩ። የተገኘውን ውጤት ደግሞ ለጠየቃችኋት እናት ተመልሳችሁ ንገሯት፤ በኖርዌዩ ክርክር ብዙ ተጽፎ ሳለ ገንፎውን ለምታማስለው ሴት የደረሰው እምብዛም ነበርና።